ሁሉም አየ፤ አንድ ሰው ጠየቀ

ሰበብ አለህ?

አለህ። ሁላችንም አለን። «ገንዘብ የለኝም።» «የሚደግፈኝ ሰው የለም።» «ውጭ ሀገር ብወለድ ኖሮ የት በደረስኩ!» «መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ እንኳ አልነበረውም።»

እውነትህን ነው፤ አልክድህም። ግን ሰበቦችህን ለጥቂት ደቂቃ ጥግ አስይዛቸው። አንድ ሰው ላስተዋውቅህ ነው።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ።

ስሙን ሳትሰማው አትቀርም። ከፒያሳ ተነሥተህ፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግረህ፣ ዳገቱን ወጥተህ አራት ኪሎ ስትደርስ የሳይንስ ግቢውን ታገኘዋለህ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በሀገራችን የተጀመረው በ1950 እዚያው አራት ኪሎ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ።) በዚሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም የሚጠራ የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። በ1966 የመሠረተው ራሱ አክሊሉ ነው። ስሙ የተጨመረለት በኋላ ነው።

ግን ስንቶቻችን ነን ሰውየው ምን እንደሠራ የምናውቅ? የአርሰናልን አሰላለፍ ከነተቀያሪው በቃልህ ትወጣዋለህ። የአክሊሉን ታሪክ በሦስት ዓረፍተ ነገር ንገረኝ ብልህስ?

ካልቻልክ አትፈር። ከዛሬ በኋላ ትችላለህ።

ዘመኑ 1964 ነው። ቦታው ዓድዋ። አክሊሉ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን የሠራ ወጣት ተመራማሪ ነው። ወደ ወንዝ የወረደው ቢልሃርዚያ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠና ነው።

ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ሳሙናቸው እንዶድ ነው። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ተወቅጦ ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል። ነጠላውን፣ ጋቢውን፣ ቀሚሱን ያነጣል። ኦሞ ወደ ሱቃችን ከመግባቱ በፊት የሀገሬው ሰው ለበዓል ነጭ የለበሰው በእንዶድ እያጠበ ነው። አያትህን ጠይቃት፤ እንዴት እንደሚወቀጥ ሁሉ ታሳይሃለች።

አክሊሉ አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ እዚያ ይበዛሉ።

እዚህ ላይ ቆም በል።

በዚያ ወንዝ ስንት ሰው አለፈ? ስንት እረኛ፣ ስንት ነጋዴ፣ ስንት የተማረ ሰው? እንዶድ ለስንት መቶ ዓመት ልብስ ታጠበበት? የሞተ ቀንድ አውጣ ብርቅ አይደለም። ሁሉም አይቶት ይሆናል። አይቶ አለፈ።

አክሊሉ ግን ቆመ። ለምን እዚህ በዙ? ለምን ከአረፋው በታች? ይህ የኔ ጥናት አይደለም አላለም። ነገ እመለስበታለሁም አላለም። ወደ ላይኛው የወንዙ ክፍል ሄዶ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ለቀመ። ዕቃ ውስጥ ጨመራቸው። ከዚያም ከሴቶቹ አንዷን ከአረፋዋ ትንሽ እንድታፈስበት ጠየቃት።

አፈሰሰችለት።

ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማተሩ። ደሙ። ሞቱ።

አለቀ! ሙከራው ይኸው ነው። አንድ ዕቃ፣ የወንዝ ውኃ፣ ጥቂት የእንዶድ አረፋ፣ አንዲት ፈቃደኛ ሴት። በጀት አልተጠየቀበትም። ስብሰባ አልተጠራበትም። የውጭ ባለሙያ አልተጠበቀም። ዓለም አቀፍ ስም ያተረፈ ሥራ ወንዝ ዳር፣ ልብስ እየታጠበ ተጀመረ።

አንተ ዛሬ ምን እየጠበቅህ ነው?

የቀንድ አውጣ መሞት ለምን ያን ያህል ትልቅ ነገር ሆነ? ይህን በደንብ ተረዳው፤ ካልገባህ የሰውየው ሥራ ክብደት አይገባህም።

ቢልሃርዚያ የትል በሽታ ነው። ትሉ የሚኖረው በሰው ደም ሥር ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከሰገራ ወይም ከሽንት ጋር ይወጣል። ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ግን በቀጥታ ሰው አይዝም። መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ያስፈልገዋል። በቀንድ አውጣው ሥጋ ውስጥ ይራባል፤ አንዱ ብዙ ሺህ ይሆናል። ከዚያ ወደ ውኃው ይወጣና የሰው ቆዳ ይፈልጋል። ልጁ ሊዋኝ ገባ፣ እናት ልብስ ልታጥብ ገባች፣ ገበሬው መስኖ ሊያጠጣ ገባ፤ ቆዳቸውን ሰርስሮ ይገባል። ዓመታት ቆይቶ ጉበትና አንጀት ያበላሻል። ሕፃኑን ያደክማል፤ ትምህርቱን፣ ዕድገቱን ይሰርቀዋል። በዓለም ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው የነካ በሽታ ነው።

አሁን ሰንሰለቱን እየው። ሰው፣ ውኃ፣ ቀንድ አውጣ፣ ውኃ፣ ሰው። ቀንድ አውጣውን ካወጣኸው ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ይህን ሳይንቲስቶች ያውቁ ነበር። ቀንድ አውጣ የሚገድል የፋብሪካ ኬሚካልም ነበር፤ የጀርመኑ ባየር ባይሉሳይድ የሚባል ይሸጥ ነበር። ችግሩ ዋጋው ነው። በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። የትኛው ድሃ ቀበሌ ይችለዋል?

እንዶድ ግን በአጥር ላይ ይበቅላል።

ይህ ነው ነገሩ! በሽታው ያለበት ሀገር መድኃኒቱን በጓሮው ይዞ ተቀምጧል። ገበሬው ራሱ ሊተክለው፣ ራሱ ሊለቅመው፣ ራሱ ሊወቅጠው ይችላል።

እና አንድ ነገር ልብ በይ፣ እህቴ። የእንዶዱ እውቀት የሴቶቹ ነበር። ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ፣ ማንም ዲግሪ ያልሰጠው እውቀት። አክሊሉ ትልቅ የሆነው ያንን እውቀት ስላልናቀው ነው። ዶክትሬቱን ይዞ ልብስ ከምታጥብ ሴት ጎን ጎንበስ አለ። አንቺስ ቤትሽ ውስጥ ያለውን እውቀት ስንት ጊዜ «የድሮ ነገር» ብለሽ አልፈሽዋል?

ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ሐሳብ ይመጣለታል። ደስ ይለዋል። ለጓደኞቹ ማኪያቶ እየጠጣ ያወራል። ፖስት ያደርጋል። ላይክ ይሰበስባል። በሳምንቱ ይረሳዋል። ሐሳብ ያልነበረው ሰው አላውቅም፤ ሐሳቡን ይዞ ዐሥር ዓመት የተጓዘ ሰው ግን ጥቂት ነው።

አክሊሉ ተጓዘ። ፍሬውን ወደ ላቦራቶሪ ወሰደ። አደረቀ፣ ፈጨ፣ በውኃ አቀጠነ። በትንሽ መጠን ምን ያህል ይገድላል? በምን ያህል ሰዓት? ፀሐይ ሲነካው ኃይሉ ይቀንሳል? ጭቃ ባለበት ውኃስ? አንድ ጥያቄ ሲመለስ ሌላ ይወልዳል። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው። ማንም አያጨበጭብልህም። ግን እውነተኛው ለውጥ የሚሠራው በዚህ በማይጨበጨብበት ሰዓት ነው።

ቀጥሎ ትልቁ ፈተና መጣ። በላቦራቶሪ ሠራ ማለት በወንዝ ይሠራል ማለት አይደለም። ስለዚህ ወደ ዓድዋ ተመለሰ። ከ1969 እስከ 1974 አምስት ዓመት እንዶድ በአካባቢው ወንዞች እየተጨመረ የሕዝቡ ጤና ተመረመረ።

ውጤቱን ስማ። በጥናቱ መጀመሪያ ከሕዝቡ 63 በመቶ ያህሉ ቢልሃርዚያ ነበረበት። በመጨረሻው ወደ 33 በመቶ ገደማ ወረደ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ያለውን ደግሞ እየው፦ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ።

ከ50 ወደ 7!

የሕፃናቱ ቁጥር ለምን እንዲህ ወረደ? አዋቂው ትሉ ቀድሞ በደሙ ውስጥ አለ፤ ቀንድ አውጣ ስለሞተ ከሰውነቱ አይወጣም። ሕፃኑ ግን አዲስ ነው። ወንዙ ሲጸዳ ከመጀመሪያውም አይያዝም። ስለዚህ የእንዶድን ጉልበት የሚናገሩት ልጆቹ ናቸው። አምስት ዓመት ማለት በአንድ ልጅ ዕድሜ ከእናቱ ጀርባ ወርዶ ትምህርት ቤት እስኪገባ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የአንድ ትውልድ ጤና ተቀየረ። ሰው «አምስት ዓመትማ ረጅም ነው» ሲል ስሰማ ይህ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አምስቱ ዓመት ለማንኛውም ያልፋል። ጥያቄው ምን ይዞ ያልፋል የሚለው ነው።

አንድ የሚያኮራ ነገር ልጨምርልህ። በአሜሪካ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ያሉ ኬሚስቶች በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት። ከሳፖኒን ወገን ነው፤ አረፋ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች። ስም ሲያወጡለት ለማቶክሲን አሉት። «ለማ» የማን ስም ነው? የአክሊሉ አባት። በኛ ሀገር ልጅ ሲጠራ አባቱም አብሮ ይጠራል፤ ስለዚህ የአንድ ኢትዮጵያዊ አባት ስም በዓለም የኬሚስትሪ መዝገብ ውስጥ ገባ። ይህን ሳስብ ደረቴ ይነፋል። ያንተም ይንፋ።

አሁን ደግሞ ከባዱ ክፍል።

ሥራው ጥሩ ከሆነ ዓለም ያጨበጭባል ብለህ ታስባለህ? አያጨበጭብም። ቢያንስ ቶሎ አያጨበጭብም። እንዶድ ለሰው፣ ለከብት፣ ለአካባቢው አደገኛ አለመሆኑ በኢትዮጵያ በተሠራ ምርመራ ብቻ አልታመነም። ዓለም አቀፍ ደረጃ የተሰጠው ላቦራቶሪ ካላረጋገጠው በስፋት ለመጠቀም ገንዘብ የሚያወጣ አልተገኘም። ያ ምርመራ ደግሞ እጅግ ውድ ነው። አጣብቂኙን አየኸው? ገንዘብ ለማግኘት ምርመራ ያስፈልጋል፤ ምርመራ ለማድረግ ገንዘብ ያስፈልጋል።

ስንቱ ሰው እዚህ ላይ እጁን ይሰጣል!

በላዩ ላይ ሀገሪቱ ተናወጠች። 1974 የአብዮቱ ዓመት ነው። አክሊሉ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ሥራ ወደ ውጭ ሄደ፤ በጣሊያን ፍሎረንስ ባለው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከልም አገልግሏል። ሌላ ሥራ፣ ሌላ ሀገር፣ ሌላ ኑሮ። እንዶድን ለመርሳት በቂ ምክንያት ነበረው።

አልረሳም።

ብቻውንም አልነበረም። የእርሻና የዕፅዋት ባለሙያው ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከጎኑ ነበር። አክሊሉ ቀንድ አውጣውን ሲከታተል ለገሠ ተክሉን ተከታተለ። እንዶድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ ፍሬው ብዙ ነው፣ ሌላው ኃይሉ ብርቱ ነው፣ ሌላው ነፍሳት ይበላዋል። ለገሠ ዝርያዎቹን እየሰበሰበ፣ እየተከለ፣ እያወዳደረ ብዙ የሚያፈራና ኃይለኛ የሆነውን መረጠ፤ «ኢ-44» በሚል መለያ ይታወቃል። ስለ አክሊሉ የሚጻፈው ብዙ ነው፣ ስለ ለገሠ ግን ጥቂት ነው፤ ይህ ትክክል አይመስለኝም። ተክል በአንድ ጀምበር አይመረጥም። ተክለህ ትጠብቃለህ፣ ለቅመህ ትመዝናለህ፣ እንደገና ትተክላለህ። ትዕግሥትን መማር ከፈለግህ ከለገሠ ተማር።

አንተስ ለገሠህ ማን ነው? አንተ የማትችለውን የሚችል፣ ያንተን ሥራ የራሱ የሚያደርግ ሰው አለህ? ከሌለህ ፈልገው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ አባቶቻችን ዝም ብለው አይደለም።

ክበቡ ሰፋ። በመጋቢት 1986 ዛምቢያ ሉሳካ ላይ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ጉባኤ ተካሄደ። ከመድረኩ አንቀሳቃሾች አንዷ የስዋዚላንዷ ኬሚስት ሊዲያ ማኩቡ ናት፤ እሷም በሀገሯ እንዶድን ያጠናች አፍሪካዊት ናት። የጉባኤውን መጽሐፍ ከአክሊሉ ጋር አዘጋጅታለች። የደኅንነት ምርመራውም በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ በተፈለገው ደረጃ ተሠራ። ከዓድዋው ወንዝ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ!

ሃያ ዓመት። አንተ በሁለት ወር ተስፋ የቆረጥክበትን ነገር እስኪ አስታውሰው።

በ1989 አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስዊድን ውስጥ የሚሰጠውን፣ ብዙዎች «አማራጩ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። እና የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት ያንኑ ሽልማት ሌላም ኢትዮጵያዊ አግኝቷል፦ የሀገራችንን የሰብል ዘር የጠበቀው ዶ/ር መላኩ ወረደ። በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ሀገር፣ ሁለት ሥራ። ሁለቱም ምን ይዘው ሄዱ? አንዱ የልብስ ማጠቢያ ፍሬ፣ ሌላው የገበሬ ጎተራ ውስጥ ያለ ዘር። የናቅነውን ይዘው ሄደው ዓለምን ከመቀመጫው አስነሡት።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ባሉት ታላላቅ ሐይቆች አንድ መጤ ፍጡር ተከሰተ። ዜብራ መስል ይባላል፤ ዛጎል ለባሽ ነው። ከምሥራቅ አውሮፓ አካባቢ በመርከብ ውኃ የመጣ ነው። እየተራባ የውኃ መሳቢያ ቧንቧዎችን ዘጋ። ፋብሪካ፣ ኃይል ማመንጫ፣ የከተማ ውኃ ሁሉ ተቸገረ። በ1990 በኦሃዮ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለአክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በዚያው አጋጣሚ ጥያቄው ተነሣ፦ እንዶድ ቀንድ አውጣ ከገደለ፣ የቀንድ አውጣን ዘመድ አይገድልም? ሞከሩት። ገደለ። ለዚህ አጠቃቀም በአሜሪካ ፓተንት ወጣ። ከዚያ ጀምሮ የባህል እውቀት ባለቤት ማን ነው፣ ለዘመናት እንዶድን ጠብቆ ያቆየው ሕዝብ ምን ያገኛል የሚል ክርክር ዓለምን ሲያነጋግር ኖሯል። እኔ ክርክሩ ተገቢ ነው እላለሁ። አንተም አውቀኸው ቁም፤ እውቀትህን የማትጽፍ፣ የማታስመዘግብ ከሆነ ሌላው ይጽፈዋል።

ልብ በል፣ አክሊሉ ክብር ሊቀበል ሄዶ እንኳ ጥያቄ ጠየቀ። ልማድ ማለት ይህ ነው። ከአንተ ጋር ይሄዳል። ጋዋን ብትለብስም አይወልቅም።

እውነቱን ልንገርህ፤ አንተን ለማስደሰት ታሪክ አልቀባባም። እንዶድ ቢልሃርዚያን ከምድር አላጠፋም። በአሁኑ ጊዜ በሽታው በዋናነት የሚታከመው ፕራዚኳንቴል በሚባል ክኒን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለተማሪዎች በጅምላ ይሰጣል። በኢትዮጵያ ዛሬም ቢልሃርዚያ ያለባቸው ሐይቆችና ወንዞች አሉ። ክኒኑ የያዘውን ሰው ያድናል፤ ውኃው ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ግን አይነካውም። ልጁ ድኖ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ አክሊሉ በ1964 የጠየቀው ጥያቄ አሁንም ሕያው ነው። አክሊሉ በ1997 አረፈ። ኢንስቲትዩቱ ግን ይሠራል፤ ተማሪዎች ይመረቁበታል፤ በስሙ በተጠራው ቤት ተቀምጠው ትልና ባክቴሪያ ያጠናሉ። ሥራ እንደዚህ ነው የሚቀጥለው።

አሁን ወዳንተ ልመለስ።

«እኔ ዓድዋ የለሁም፤ ፒያሳ ነኝ» ትለኝ ይሆናል። እሰይ! ፒያሳና አራዳ እኮ ጥያቄ የሞላበት ቦታ ነው። ሰፈሩ ባለፉት ዓመታት ፊቱን ቀይሯል፤ በኮሪደር ልማቱ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷል፣ ብዙ ጎረቤት ተበትኗል። የተበተነው ሰው ግን እጁ ላይ ያለውን ሙያ ይዞት ሄዷል። አስተውለው።

ጠላ የሚጠምቁ እናት አውቃለሁ፤ ያደጉት አራዳ ነው። ጋን ሲያጥቡ ቀርበህ አይተሃል? መጀመሪያ ውኃ ይጨምራሉ። ከዚያ የግራዋ ቅጠል በጭብጣቸው ጨምቀው የጋኑን ሆድ ያሻሉ፣ ያሻሉ፤ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል፣ መራራ ሽታው አፍንጫ ይሰብራል። ያለቀልቁታል። እንደገና በግራዋ ያሻሉ። ሲደርቅ ደግሞ የወይራ ጭስ ያጥኑታል፤ ጋኑን ገልብጠው ጭሱን ያፍኑበታል። «ለምን?» ስላቸው «አለዚያ ይበላሻላ!» አሉኝ፤ ጥያቄዬ ራሱ ገርሟቸው። ለምን ግራዋ? ለምን ጎመን አይሆንም? በቅጠሉ ውስጥ ምን አለ? ጭሱ የቱን ጀርም ይገድላል፣ የቱንስ ይተወዋል? እዚያ ጋን ውስጥ አንድ የማይክሮባዮሎጂ መመረቂያ ጽሑፍ ተቀምጧል።

እንጀራስ? የአንዱ ቤት እንጀራ ዓይኑ ይበዛል፣ የሌላው አይበዛም። ጤፉ አንድ፣ ምጣዱ አንድ፣ ውኃው አንድ። እርሾው ውስጥ ምን ልዩነት አለ? በፒያሳ ቡና ቤቶች በየቀኑ የሚደፋው የቡና ዝቃጭ የት ይሄዳል? ለምን ይጠቅማል? ዝናብ ሲጥል በራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውኃ ከየት ከየት ቆሻሻ ይዞ ይመጣል?

አየህ? አንድ ሰዓት ብትራመድ የዓመት ሥራ ታገኛለህ። ስልክህን ኪስህ ክተት። ስክሮል ማድረግ ዓይንህን ያደክማል እንጂ ማየት አያስተምርህም።

«ሳይንቲስት አይደለሁም» አትበለኝ። ልብስ ሰፊ ነህ? ለምን ይህ ክር ቶሎ ይበጠሳል በል። ሹፌር ነህ? በየትኛው ሰዓት የትኛው መንገድ ለምን ይዘጋል በል። ሱቅ አለሽ? የትኛው ዕቃ በየትኛው ቀን ይሸጣል፣ ጽፈሽ ያዢ። ማስተዋል የዲግሪ ጉዳይ አይደለም፤ የማይንድሴት ጉዳይ ነው። መወሰን ትችላለህ። ዛሬ መወሰን ትችላለህ።

እንዴት ትጀምራለህ? ደብተር ግዛ። ትንሽ፣ ኪስ የሚገባ። ውድ መሆን የለበትም። ያየኸውን ጻፍ፤ ያየኸውን ብቻ፣ አስተያየትህን ሳይሆን። «ከአረፋው በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ብዙ ናቸው» ዓይነት። ከሥሩ አንድ «ለምን» ጨምር። ከዚያ እንደ አክሊሉ ዕቃህን አምጣ፣ ሞክረው። በቤትህ ባለው ነገር ሞክረው። አልሠራ ካለ አልሠራም ብለህ ጻፍ፤ እሱም ውጤት ነው።

ብዙ ቀን ምንም አታይም። ይህን ካሁኑ እወቀው። ደብተሩ ሊሰለችህ ይችላል፤ ጓደኞችህ ሊስቁብህ ይችላሉ፤ ቀጥል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ጥያቄህ ሲጠነክር አንብብ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ነው፤ ከፒያሳ በእግር ትደርሳለህ። ሌሎች ስለዚያው ነገር ምን እንዳሉ ፈልግ። ምናልባት ጥያቄህ ተመልሶ ታገኘዋለህ፤ ደስ ይበልህ፣ ወደሚቀጥለው እለፍ። ካልተመለሰ ግን ያን ጊዜ ልብህ ይምታ!

ከዚያ ጥያቄህን በአንድ ገጽ ጻፈው። ያየኸውን፣ የሞከርከውን፣ ያልገባህን። ወደ ሳይንስ ግቢው ሂድና ነገሩ የሚመለከተውን መምህር ፈልግ። «ጋሼ፣ ይህን አይቼ ነበር፤ አንድ ጊዜ ያንብቡልኝ» በለው። ጊዜ የለኝም ካለህ አመስግነህ ውጣና ሁለተኛውን አንኳኳ። ሁለተኛውም ካላነበበልህ ወረቀቱን አስተካክለህ፣ አሳጥረህ ለሦስተኛው ስጥ።